ዶሮዋን ማን ሣላት

መስመሩ እንደገና ከዳው። የዶሮዋን ጀርባ ከአንገቷ ጀምሮ ቁልቁል እየሳበ አሳምሮ ካመጣ በኋላ፣ ጭራዋ ጋ ሲደርስ እጁ ሳያማክረው ብዕሩን ብድግ አድርጎ ታብሌቱ መሀል ላይ መልሶ አሳረፈው። ስክሪኑ ላይ ዶሮዋ ጭራዋን ከሆዷ አበቀለች።

“ብዕሩን አታንሣው አልኩህ እኮ፤” አለችው ሚስቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና። “ማውዝ አይደለም። ቦታ ሲያልቅብህ አንሥተህ መሀል አትመልሰውም። የታብሌቱ ጥግ የስክሪኑ ጥግ ነው፤ መሀሉም መሀሉ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“አንተማ ታውቃለህ። እጅህ ነው የማያውቀው።”

ይህን ያለችው ሳትስቅ ነው። ብትስቅበት ይሻለው ነበር።

ማተሚያ ቤታቸው የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ናት። ባንኮኒው ከበሩ አጠገብ፣ ማተሚያው ከግድግዳው ጥግ፣ ኮምፒውተሩ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከኋላ ያለው መጋረጃ ሲገለጥ ጓዳው ነው። ሰፈሩ ሰውየውን ባለማህተሙ ይለዋል። ፊደሎቹ ክቡን ተከትለው የሚዞሩበትን ማህተም ያለ እሱ ማንም አይሞክረውም። ማስታወቂያውንም፣ የጥሪ ካርዱንም፣ የመሥሪያ ቤት ዓርማውንም ዕድሜውን ሙሉ በማውዝ ሠርቶታል። የማውዙ ጀርባ ከመዳፉ ንክኪ ብዛት አልቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ያብለጨልጫል። ከቤቱ የሚወጣ ሥራ ሁሉ ከታች ጥጉ ላይ የእሱን ምልክት ይዞ ይወጣል፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የተቀረጸባት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ማህተም። ደንበኞቹ አያዩአትም። እሱ ግን ያያታል።

ታብሌቱን ያመጣለት የሚስቱ ወንድም ነው። ጥቁር ዝርግ ነገር ነው፤ በራሱ ላይ ምንም አያሳይም፤ በብዕሩ የተሣለበትን ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያወጣዋል። “ይህ ላንተ ነው ጋሼ፤ ሥዕል ስትሠራ እጅህን ያሳርፍልሃል፤” ብሎ ሰጠው። ባለማህተሙም በዚያው ዕለት ሴቲንጉን ከፍቶ እያንዳንዱን ገጽ አነበበ። ሁሉንም አወቀ፤ መሣል ብቻ አቃተው።

ሚስቱ ግን አንድ ቀን ባንኮኒው ጭር ሲልባት ለጨዋታ ያህል ተቀመጠችበትና ዶሮ ሣለች። ከእነጫጩቶቿ።

ያንን እስካሁን ሊውጠው አልቻለም። ድሮ ማውዝ ሊያስተምራት ሞክሮ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ “ምነው፣ ድንጋይ ነው እንዴ የምትገፊው?” እያለ ሲስቅባት፣ ተቀይማ ባንኮኒውን ይዛ ቀርታለች። አሁን እንዴት እንደቻለች ቢጠይቃት፣ “ሹራብ ስሠራ መርፌውን አያለሁ እንዴ? ቴሌቪዥኑን እያየሁ እጄ ይሠራል። ይኸም ያው ነው፤” አለችው። ያው ነው! እሱ ብዕሩን ሲይዝ ዐይኑ ከእጁ አይለቅም፤ ዐይኑ ወደ ስክሪኑ ሲሄድ እጁ ይጠፋዋል።

በሌላ ሰው ቢቀና ኖሮ መላ ነበረው። ሰውየውን ያማዋል፣ ይዘጋዋል፣ መንገድ ይቀይርበታል። በገዛ ሚስት እጅ መቅናት ግን ለማን ይነገራል?

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ጎረቤታቸው ቁልፍ ሠሪው ነው፤ ያልተቀረጸ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ገባና በባለማህተሙ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየ።

“ባለማህተሙ! ይህቺ ምንድን ናት? ዶሮ ናት ጃንጥላ?”

“ሥራህን ሥራ።”

“ጭራዋን ከሆዷ አወጣኸው። እንቁላሉ በየት ሊወጣ ነው?”

ሚስቱ ሳቀች። አፏን በእጇ ብትሸፍንም ሳቁ ወጣ።

“እህቴ፣ እባክሽ ድረሽላት፤ እንስሳዋ ስቃይ ላይ ናት፤” አለ ቁልፍ ሠሪው። ወደ ባለማህተሙም ዞሮ፣ “አንተስ ምን ጨነቀህ? እኔ ብሆን እግሬን ሰቅዬ ሻይ እጠጣ ነበር። ሚስቱ እየሠራች የሚበላ ወንድ ስንት አለ መሰለህ!”

“ሂድ ቁልፍህን ቅረጽ።”

“እሄዳለሁ። ግን ጭራዋን መልስላት።”

ባለማህተሙ ዶሮዋን አጠፋት። እንዲህ የጨነቀው ያለ ነገር አይደለም። በቀደም የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ያሳተመችውን ልትወስድ መጥታ፣ ሚስቱ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻትን ዶሮ አየችና፣ “ይህቺን ማን ሣላት?” ብላ ጠየቀች። ሚስቱ ጓዳ ነበረች።

“እዚሁ ነው የተሣለች፤” አላት።

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

“እጅዎ ይባረክ!” አለች ዳይሬክተሯ። የልጆቹን ክፍሎች ግድግዳ ሁሉ በእንስሳት ሥዕል ማስሞላት እንደምትፈልግ፣ መጀመሪያ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ አንዷን ሲሥላት ማየት እንደሚያሻት ነግራው ሄደች። ቀጠሮው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። ለሚስቱ የነገራት ሴትየዋ ሥዕል ልታሠራ እንደምትመጣ ብቻ ነው። ማን ሣላት መባሉን አልነገራትም።

ሚስቱ ምሳ ልታሰናዳ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የብረት ድስት ክዳን ሲንኳኳ፣ ውሃ ሲከፈት ሰማ። ያኔ ማውዙን ያዘና ሴቲንጉን ከፈተ።

ከገጾቹ አንዱ ላይ ተጠቃሚው ቀኝ ነው ግራ የሚል ጥያቄ አለ። ግራ ከተባለ ታብሌቱ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ ወደ ላይ የተሣለው ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ የተሣለው ወደ ግራ ይሄዳል። ሚስቱ ብዕር መያዝ እንጂ ሴቲንግ የሚባል ነገር ከፍታ አታውቅም። እንግዳዋ ስትመጣ ታብሌቱ ተበላሽቷል ይላል። ማውዙን ይዞ ይቀመጣል። ይዘገያል እንጂ ዶሮዋን ያወጣታል፤ መስመሯ ጥርት ያለ ዶሮ። ሥራውም ስሙም ባሉበት ይቆያሉ።

“ግራ” የሚለውን ተጫነና ዘጋው።

ምሳው አልወርድ አለው።

“ምነው፣ አልጣፈጠህም?” አለችው።

“ጠግቤ ነው።”

“በምን? በዶሮዋ?”

እሷ ጨው አንሶት ነው ብላ ጨው አቀረበችለት። ይህም አናደደው።

ዳይሬክተሯ በሰዓቷ መጣች። እጅጌዋ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ፤ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከአጠገቡ ያለው ወንበር ላይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

“እንግዲህ እጅዎን ልየው።”

“ዛሬ እንኳ ታብሌቱ ተበላሽቶብኛል፤” አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። “በማውዝ እንሠራዋለን። ያው ነው።”

“ተበላሸ?” አለች ሚስቱ ከባንኮኒው። “ጧት ደህና አልነበረም እንዴ?”

“ተበላሸ አልኩሽ።”

እሷ ግን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። “እስቲ ልየው፤ ተነሥ።” በእንግዳ ፊት እንቢ ማለት አልቻለም፤ ተነሣ። ተቀምጣ ብዕሩን ወደ ላይ ብታስኬደው ወደ ታች ወረደ። ወደ ቀኝ ብትለው ወደ ግራ ሄደ።

“ውይ! ያልኩትን ትቶ ያላልኩትን ይሠራል።”

“የኔን ልጆች ይመስላል፤” አለች ዳይሬክተሯ። “ቁጭ በሉ ሲሏቸው የሚነሡትን።”

“ነግሬሽ አልነበር? ተይው፤” አለ ባለማህተሙ። በውስጡ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱን ደግሞ ጠላው። እጁን ወደ ማውዙ ዘረጋ።

ሚስቱ አልተነሣችም። ታብሌቱን አየችው። ቀና ብላ እሱን አየችው፤ ለዐይን ጥቅሻ ያህል። ከዚያ ታብሌቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንግዳ ፊት እንደሚዞር ትሪ፣ የላዩን ወደ ራሷ የታቹን ወደ ስክሪኑ አዞረችውና መልሳ አስቀመጠችው። ብዕሩን ወደ ላይ አስኬደችው። ወደ ላይ ሄደ። ወደ ቀኝ አለችው። ወደ ቀኝ ሄደ።

“ኧረ እንዲያውም ተሻለ!” አለች። “ይህ ገመድ ክርኔን እየነካ ያናድደኝ ነበር። አሁን ወዲያ ዞረ።”

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል። ባለማህተሙ መጮህ እንኳ አልቻለም። በገዛ ወንበሩ ጀርባ እንደ እንግዳ ቆመ።

እሷ መሣል ጀመረች። እጇን አንዴም አላየችውም። ስክሪኑን እያየች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ዳይሬክተሯ ዞራ እያወራች ትሥላለች።

“ምንቃሯ ይነስልኝ፤ ሕፃናቱን ታስፈራብኛለች።”

“እንዲህ?”

“እንደዚያ። ትንሽ ትሳቅ።”

“ዶሮ ትስቃለች እንዴ?”

“እኛ ጋ ትስቃለች።”

ሁለቱም ሳቁ። ዶሮዋም ሳቀች። ባለማህተሙ መስመሩን ነበር የሚያየው። አንገቷ ላይ ቀጥኖ ይጀምርና፣ ደረቷ ጋ ሲደርስ ሚስቱ ብዕሩን ጫን ስትለው ይወፍራል፣ ጭራዋ ላይ እንደ ትንፋሽ ሳስቶ ያልቃል። የእሱ መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ሽቦ። ዕድሜ ልኩን ንጹሕ ነው ሲል የኖረው ይህንን ነው። ሥዕሉ አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ዛሬን በሰላም ባደረ። ማማሩ ነው ያቃጠለው።

“እኔ የምልሽ፣” አለች ዳይሬክተሯ ድንገት፣ “ያቺን የግድግዳዋንም አንቺ ነሽ እንዴ የሣልሻት? እኔ እኮ እሳቸው መስለውኝ…” ቀና ብላ ባለማህተሙን አየችው።

የሚስቱ እጅ ቆመ።

“እሱ ነው ያስተማረኝ፤” አለች፣ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ።

እጇ ሥራውን ቀጠለ፤ አንዲት ጫጩት ከእናቷ ክንፍ ሥር ጭንቅላቷን አወጣች።

ብትከሰው ይመልስ ነበር። ብትጮህበት ይጮህ ነበር። እሷ ግን ሸፈነችው።

ዳይሬክተሯ ሥራውን ሁሉ ለእነሱ ሰጠች። “ይህቺን ግን አሁኑኑ አትሙልኝ፤ ይዣት ልሂድ፤ መምህራኑ ይዩአት፤” ብላ ቁልፍ ሠሪው ጋ የቢሮዋን ቁልፍ ልታስቀርጽ ወጣች።

ሚስቱ ተነሣችለት። ለኅትመት ማዘጋጀቱ የእሱ ሥራ ነው። ተቀመጠ፤ ወንበሩ በእሷ ሙቀት ሞቆ ነበር። ማውዙን ያዘ፤ መዳፉ የለመደው ቦታ ገባ። ሥዕሏን በወረቀቱ ልክ አደረገ፤ ዳር ዳሩን አስተካከለ። በመጨረሻም እጁ፣ እንደ ልማዱ ሳያማክረው፣ ምስር የምታህለውን ማህተም አምጥቶ ከታች ጥጉ ላይ አስቀመጣት።

ማህተሟ ከዶሮዋ እግር ሥር እንደ ጥሬ ሆነች። ዶሮዋ ልትለቅማት ያጎነበሰች መሰለች። አምራለች። ለቦታው የተሠራች ነው የምትመስለው። ማንም ምንም አይልም፤ ሚስቱም አትልም። ደንበኞች ደግሞ አያዩአትም።

ጥቂት አያት። ከዚያ አጠፋት።

“ነይ እስቲ፤” አላት።

“ምን?”

“ስምሽን ጻፊበት። እዚህች ጥግ ላይ።”

“የምን ስም? ያንተ ማህተም የት ሄደች?”

“ሰው ማን ሣላት ብሎ ይጠይቃል።” ማውዙን ያለ ሥራ ወዲያ ወዲህ አደረገው። “እኔን በቀደም ጠይቃኝ ነበር።”

“ምን አልካት?”

“እዚሁ ነው የተሣለች አልኳት።”

ሚስቱ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፤ ሳቅም ንዴትም ይመስላል። “ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤” አለች። ብዕሩን አንሥታ በጎኑ አጎንብሳ ቆመች፤ ግን አልጻፈችም። “ታብሌቱንስ? ወደ ድሮው ልትመልሰው ነው?”

እሱ እንደገለበጠው ማንም የነገራት የለም። ወደ ሴቲንጉም አልገባችም። ባለማህተሙ ፊቱን አላዞረም።

“እንደዞረ ይሁን፤” አለ። “ገመዱ ክርንሽን አይንካው።”

እሷ ጻፈች። ቆማ፣ ተንጠራርታ፣ በአንድ ትንፋሽ። የስሟ የመጨረሻ ፊደል እንደ ዶሮዋ ጭራ ወደ ላይ ቀና ብሎ ሳስቶ አለቀ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሳትለማመድ የጻፈችው ነው። እሱ የራሱን ማህተም ሲቀርጽ ስንቱን እንደጣለ ትዝ አለው።

ቅናቱ አልሄደም፤ ከእሱ ጋር እዚያው ተቀምጧል።

“ደረሰ?” አለች ዳይሬክተሯ ከበሩ።

“ደረሰ፤” አለ ባለማህተሙ። የሚስቱን ስም ቅርጹንም፣ መጠኑንም፣ ቦታውንም አልነካበትም። ማውዙን ይዞ “አትም” የሚለውን ተጫነ።