በኦሪን ፒክ ጉድጓድ አፍ ላይ

በእኛ ሜዳ ላይ አጥር የለም። እንጨት ከየት መጥቶ! ሰው ጎረቤቱ ዘንድ ሲሄድ ግን፣ አጥር ቢኖር ኖሮ ሊቆም የሚችልበት ቦታ ላይ ፈረሱን ገትቶ "ቤቶች!" ብሎ ይጣራል እንጂ ዝም ብሎ አይገባም። ባለቤቱ ወጥቶ "ውረድ" ካላለው፣ ከነፈረሱ እንደቆመ ስለ ዝናብ ያወራና ይመለሳል። ስለ ዝናብ የሚወራው ብዙ አይደለም፤ አይዘንብም።

ይህን ደንብ እንደ ኦሪን ፒክ ያከበረው የለም። ኦሪን ከሚስቱ ከአልማይራ ጋር ከኦሃዮ መጥቶ ከእኔ በስተምዕራብ ያለውን መሬት ያዘ። መንግሥት "አምስት ዓመት ከኖርክበት ያንተ ነው" ብሎ የሚሰጠውን መሬት ነው፤ ሁላችንም በዚሁ ነው ኔብራስካ የመጣነው። እዚህ ቤት የሚሠራው ከነሣር ሥሩ በማረሻ እየተቆረጠ በሚነሣ አፈር ነው። ጎረቤት ከተሰበሰበ በሁለት ቀን ይቆማል። ኦሪን ወር ፈጀበት። እኔና ጋሽ ክራንድል ሄደን የሌለው አጥር ጋ ቆምን። ጋሽ ክራንድል ከሁላችንም ቀድሞ የሰፈረ ሽማግሌ ነው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው።

"እናግዝህ እንዴ?" አለው።

"ምነው ጋሽ ክራንድል፣ እጄ ተሰብሮ አዩኝ?"

"ኧረ የለም።"

"እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ።"

ስንመለስ ጋሽ ክራንድል "ወንድ ማለት እንዲህ ነው" አለኝ። ጣሪያው በመጀመሪያው በረዶ አልጋቸው ላይ ወረደ። ኦሪን "ድሮም ልቀይረው ነበር" አለ።

ከዚያ ጉድጓድ ጀመረ። ውኃ የምናመጣው ከወንዝ ነው፣ በበርሜል፣ በበሬ ጋሪ፤ ቤት እስኪደረስ በሬዎቹ የጠጡት ከተረፈው ይበልጣል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ጉድጓድ ያለው ሰው ንግግሩ እንኳ ይደመጣል። ኦሪን ታች ሆኖ ይቆፍራል፣ ባልዲውን ይሞላል፤ አልማይራ ላይ ሆና መዘውሩን እያዞረች ትስበዋለች። መንገደኛ ሁሉ ያያል፣ ያደንቃል።

"ኦሪን ብቻውን ጉድጓድ እየቆፈረ ነው!" ይላል።

ይህን ሲሉ አልማይራ መዘውሩን እንደያዘች ትሰማቸዋለች። አንዳንዱ እንዲያውም ለእሷው ነው የሚነግራት።

ላይኛው መሬት ጭቃው ጽኑ ነው፤ ያለ ሳንቃም ይቆማል። ከሥሩ ግን አሸዋ አለ። አሸዋውን በሳንቃ ካላገዱት አንድ ቀን ይመጣል። ኦሪን አሸዋው ላይ ሲደርስ ሳንቃው አልቆበት ነበር። እኔ ጋ የተረፈ ሳንቃ እንዳለ ያውቃል። እኔም የእሱ እንዳለቀ አውቃለሁ። ስንገናኝ ስለ ዝናብ አወራን።

በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልማይራ ሳትጣራ ቤቴ ገባች። በዚህ ብቻ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅሁ።

"ተደረመሰበት" አለችኝ። "እስከ ደረቱ ነው። በሕይወት አለ፤ ይናገራል። ገመድ ያዝና ና!"

ኒልስ በዚያው በኩል ሣር ያጭድ ስለነበር ከነማጭዱ ተከተለን። ኒልስ የስዊድን ሰው ነው፤ ቋንቋችን ገና አልጠናለትም። ጋሽ ክራንድልም ሩጫችንን ከሩቅ አይቶ በፈረስ ደረሰ። ሦስታችን አፉ ላይ ጎንበስ ብለን ስናይ፣ ታች ከጨለማው ውስጥ አንድ ኮፍያ ቀና አለ።

"ኦሪን! እንዴት ነህ?" አለ ጋሽ ክራንድል።

"ደህና ነኝ። ትንሽ አሸዋ ነው። ጋሽ ክራንድል፣ ጥላዎን ያንሡልኝ፤ ብርሃን ጋረዱኝ።"

ጋሽ ክራንድል ጥላውን አነሣ።

"እንውረድ?"

"አይ። አጭሯን አካፋ ብቻ ላኩልኝ።"

ላክንለት። ያን ጊዜ ኒልስ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

"ምን ልትሆን ነው?" አለው ጋሽ ክራንድል።

"ልወርድ ነዋ።"

"አልጠራህም እኮ።"

"ተቀብሯል እኮ!"

"ቢቀበርስ? ጉድጓዱ የሱ ነው። ሰው በገዛ መሬቱ ላይ አልፈልግም ካለ፣ አልፈልግም ነው። እናንተ አገር ሳይጠራ ቤታችሁ የሚገባ ጌታ ነበረባችሁ አሉ። ከሱ ሸሽተህ አይደል የመጣኸው?"

ኒልስ አንዱን ጫማ አውልቆ አንዱን እንዳደረገ ቆመ። የተባለው እውነት ነው።

ኦሪን ታች ይሠራ ጀመር። አካፋውን ሲቧጥጥ ይሰማል፤ ባልዲው ሲሞላ "ሳቡ!" ይላል፤ እኛ እንስባለን። እሱ አንድ አካፋ ሲያነሣ ግድግዳው ሁለት ይሰጠዋል። መጀመሪያ እስከ ደረቱ የነበረው አሸዋ ብብቱ ደረሰ። "ሳቡ" የሚለው ቃል እየራቀ መጣ።

"እኔን አውርዱኝ" አለች አልማይራ። "እኔን እንኳ እንግዳ ናት የሚለኝ የለም።"

እዚህ ላይ ጋሽ ክራንድልም የሚጠቅሰው ደንብ አላገኘም። የጋሪውን በርሜል ውኃ ደፍተን ክዳኑንም ቂጡንም አወለቅነው። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ በርሜሉ ጭንቅላቱን ከቦ ከቆመለት አሸዋው ፊቱን አይሸፍነውም። ወገቧን አስረን ከነበርሜሉ አወረድናት።

ጉድጓድ ሚስጥር አይችልም። ታች የተነፈሱትን ላይ ያመጣዋል። እሷ በርሜሉን ስታስተካክል፣ እሱ ሲያቃስት፣ ከዚያ እንዲህ ሲላት ሰማን፦

"አልማይራ። እግሬ አይሰማኝም። እንዲወርዱ ንገሪያቸው።"

"አንተ ንገራቸው። እዚሁ ቆመዋል።"

"አንቺ ንገሪያቸው። በእናትሽ። እንዲህ ሆኜ አልጣራም።"

ጋሽ ክራንድል ሰማዩን አየ። እኔ የመዘውሩን እጀታ አየሁ። ኒልስ እኛን አየ። በእኛ ዘንድ የሰውን ፈረስ ከሰረቀ ይልቅ የሰውን ልመና ተደብቆ የሰማ ይናቃል፤ ፈረሱን እንኳ መመለስ ይቻላል።

ሳብናት። ጉልበቷ መሬት ሳይነካ መናገር ጀመረች።

"ውረዱ ብሏል። ፍጠኑ! ውረዱ ብሏል።"

ጋሽ ክራንድል ኮፍያውን አወለቀ። "አልማይራ ልጄ፣ አምንሻለሁ። ግን ሚስት ለባሏ ብላ ብዙ ነገር ትላለች። ከራሱ አፍ ልስማው።"

ክፋት አልነበረም። ሰውዬው በጨለማ በሹክሹክታ የለመነውን፣ በብርሃን እንደ ወንድ እንዲናገረው በር ሊከፍትለት ነው። ጎንበስ ብሎ ጮኾ ጠየቀው።

"ኦሪን! እንድንወርድ ትፈልጋለህ እንዴ?"

አሸዋው ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ እህል ሲንሸራተት ይሰማል።

"አይ" አለ ኦሪን ከበርሜሉ ውስጥ። ድምፁን ለማወፈር ጥሯል። "እየተወጣሁት ነው።"

"ውሸቱን ነው!" አለች አልማይራ። "ጋሽ ክራንድል፣ ውሸቱን ነው! አንተ ሞኝ፣ አንተ ደረቅ፣ ንገራቸው እንጂ!"

"እየተወጣሁት ነው አልኩ እኮ" አለ ከታች።

"ሰማሽው" አላት ጋሽ ክራንድል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ኒልስ በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ምርቃት አልመሰለኝም። ከአልማይራ ወገብ ላይ ገመዱን ፈትቶ ወገቡ ላይ ማሰር ጀመረ። ጋሽ ክራንድል ክንዱን ያዘው። ሲያስለቅቀው፣ ሲይዘው፣ ሲያስለቅቀው፣ አሸዋው ወረደ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ በሬ ጎኑን ጥሎ ሲተኛ እንደሚያሰማው ያለ ነው። ከጉድጓዱ አፍ አቧራ ወጣ። አልማይራ ስሙን ጠራች። እኛም ጠራን። ከዚያ ወዲያ "አይ" የሚል አልነበረም።

እንግዲህ የሚከለክለን ጠፋ። የወረዳው ሰው ሁሉ መጣ፤ የማላውቀው ሰው ሳይቀር። እኔ ሳንቃዬን ይዤ መጣሁ። ጋሽ ክራንድል የጎተራውን ወለል ነቅሎ አመጣ። ሌላው የቤቱን በር ተሸክሞ መጣ። ያን የመሰለ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ ለመውረድ ሰው ይሻማ ነበር። ጋሽ ክራንድል በዚያ ዕድሜው ወርዶ፣ አካፋው እንዳይመታው ብሎ፣ በጣቱ ነው የጫረው፤ ጥፍሩ ተነቅሎ ወጣ። በማግሥቱ ደረስንበት። በርሜሉ እሷ ባስቀመጠችበት ቆሟል፤ ተሞልቶ ነው እንጂ። አንድ እጁ የበርሜሉን ከንፈር እንደያዘ ነበር። ከእግሩ ሥር አሸዋው እርጥብ ነው።

በቀብሩ ላይ ሰባኪው ጥሩ ተናገረ። "ይህ ወንድማችን" አለ፣ "ከማንም ምንም ሳይጠይቅ ኖረ፤ ከማንም ምንም ሳይጠይቅ ሞተ።"

"አሜን" አለ ሕዝቡ። ወንዶቹ ሁሉ ጀርባቸውን ቀና አደረጉ። የእኔም ጀርባ ሳላዘው ቀና ብሎ አገኘሁት።

"ጠይቋል" አለች አልማይራ።

ሰባኪው ስብከቱን አቋረጠ።

"እንዲወርዱ ንገሪያቸው ብሎኛል። ለምኖኛል። አፉ ላይ የቆማችሁት ሰምታችኋል። ማነው የሰማ?"

ነፋስ የሴቶቹን ቀሚስ ያነሣል ያስቀምጣል። ጋሽ ክራንድል በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

"አልማይራ ልጄ፣ ስሙን እንኳ ተይለት። ሌላ ምን ቀረው?"

እሷ አላየችውም። ያየችው እኔን ነው። ኮፍያዬን አውልቄ ይዤ ነበርና ውስጡን አየሁ። ላብ ያወጣው መስመር አለበት።

"እኔ ሰማሁ" አለ ኒልስ።

ሰው ሁሉ ዞረ። የተናገረው ያልገባቸው መስሎት ጮኾ ደገመው። "እኔ ሰማሁ። ይውረዱ ብሎ ነበር። እሱም ሰማ፣ እሱም ሰማ።" በጣቱ ጋሽ ክራንድልንና እኔን አሳየ።

ሰባኪው መዝሙር አነሣ፤ ሕዝቡም በአንድ አፍ ተቀበለው፤ ከወትሮው ድምፁ የበረታ መሰለኝ። አልማይራ መዝሙሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ኒልስ ፊት ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እባክህ ባቡሩ ድረስ በጋሪህ አድርሰኝ፤ ብቻዬን አልችልም" አለችው። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ አፍረውላት ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

ኒልስን ማንም አልተቀየመውም። ከቀብር ስንመለስ ጋሽ ክራንድል ፈረሱን ወደ እኔ አስጠጋ፤ እጁ ስለሚያመው ልጓሙን በክርኑ ይዞት ነበር።

"አዲስ ሰው ነው" አለኝ። "ይለምዳል።"