ከሦስት ደቂቃ በላይ

«ደንበኛው መጀመሪያ ትኬት ይከፍታል» አለች ሙኒያ።

ጋሽ አብዱናሲር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «የምን ትኬት? ፍሪጅ እንጠግናለን እንጂ መናኸሪያ ከፈትን እንዴ?»

«የመኪና አይደለም ጋሼ። ቅሬታው የሚመዘገብበት ቁጥር ነው።»

«ታዲያ ቁጥር አትዪም!»

ሙኒያ ሰመራ ላይ ስምንት ሠራተኛ ላለው የጋሽ አብዱናሲር የፍሪጅና የኤሲ ጥገና ቤት ሶፍትዌር ምረጪ ከተባለች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እሷ የወደደችው ደመወዝና የዓመት ፈቃድ ብቻ የሚሠራውን ቀላሉን ነበር። ጋሽ አብዱናሲር ግን አንድ ሻጭ በየቀኑ እየደወለ «ደመወዙም፣ የሰው ኃይሉም፣ የደንበኛ አገልግሎቱም ባንድ ላይ» ያላቸውን ካልሞከርን ብለው ድርቅ አሉ። ለአንድ ወር በነፃ ተጫነ።

በአምስተኛው ቀን የኡበይዳ ስም ስክሪኑ ላይ ቀላ። የደንበኛ ስልክ የሚያነሳው እሱ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ጥሪ በሦስት ደቂቃ ይለቅ ይላል፤ የኡበይዳ ግን በአማካይ አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል።

«አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ ስለ ፍሪጅ ምን ይወራል?» አሉ ጋሽ አብዱናሲር ስክሪኑን በጣታቸው እየመቱ።

«ስለ ፍሪጅ ማን አወራ?» አለ ኡበይዳ። «ሰውየው የደወለው ከጅቡቲ ጠረፍ፣ ከገላፊ ነው። እንደ አፋር ወግ ዳጉ ሳንለዋወጥ፣ ወሬ ሳንጠያየቅ፣ ዝናቡን፣ ግመሉን፣ የታመመውን ሳልጠይቅ ‹ፍሪጅህ ምን ሆነ› ልበለው? ሰው ያላሳደገኝ ነኝ? ደግሞ ፍሪጁ ደህና ነው፤ የጠፋው መብራት ነው። ይህን የሰማሁት በወሬው መሀል ነው። በእናንተ ማሽን ቢሆን ቴክኒሻን እስከ ጠረፍ በከንቱ ይሄድ ነበር።»

«ወሩ ሲያልቅ ቀይ ከሆንክ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። በቃ!»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው» አለች ሙኒያ ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?» አሉና መልሱን ሳይሰሙ ወጡ።

ሻጩ ጋ ደወለች። ሦስት ደቂቃውን ማራዘም ይቻላል?

«ትኬት ክፈቺ» አላት።

ከፈተች። በሁለተኛው ቀን «ጥያቄዎ ተፈቶ ተዘግቷል» የሚል መልእክት መጣላት። የተፈታ ነገር የለም። ደግማ ከፈተች፤ ደግሞ ተዘጋ።

ከዚያ ወደ ኡበይዳ ጠረጴዛ ሄደች። «ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ዝጋና መልሰህ ደውል።»

«ዳጉ መሀል ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ኔትወርክ ተቋረጠ በላቸው።»

ኡበይዳ ሳቀ። «እሱንስ ያምናሉ።»

በወሩ መጨረሻ የኡበይዳ ስም አረንጓዴ ሆነ። የጥሪው ቁጥር አምስት እጥፍ ጨምሮ ፕሮግራሙ ከሠራተኛው ሁሉ አንደኛ አለው። ጋሽ አብዱናሲር ደስታቸው ወሰን አጣ። «አየሽ ሙኒያ? ፕሮግራሙ ሰው ያደርገዋል ብዬሽ አልነበረም?» አሉና የሦስት ዓመት ውል ፈረሙ።

ኡበይዳ ሥራው ላይ ቆየ። ሙኒያም በማግስቱ የስምንቱን ሠራተኞች የደመወዝ መረጃ ወደ ፕሮግራሙ ማስገባት ጀመረች።