የሙከራው ጡት መያዣ

በሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ ሁሉም «መልሱት» ነበር የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጨረሻው ጠረጴዛ ኋላ ቆማ፣ ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ በመብራት ሥር እየገለበጠች ስትመረምር የኖረች የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። አንዲት ስፌት ዘላ ካገኘች ሸሚዙን ወደ ጎን ትገፋውና «መልሱት» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ሰፊዎቹ በሌለችበት ያሟታል፣ ሥራቸውን ግን ሁለት ጊዜ ሳያዩ አይልኩላትም።

ይህ ዓይኗ ታዲያ ሥራ ሲያበቃ ፋብሪካው በር ላይ አይቀርም፤ አብሯት ቤት ይገባል። ልጇ «ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ» ስትላት የጫማዋን ጭቃ ታያለች። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ተነሥቶ ቦታ ቢለቅላት፣ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በእጇ ትዳብሳለች።

ግራ ጡቷ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና ከተወገደ ስምንት ወር ሆኖታል። ቁስሉ ደርቋል፣ ሐኪሙም ደህና መሆኗን ነግሯታል። ከሸሚዟ ሥር ምን እንደምትለብስ የነገራት ግን የለም። ከሱቅ የገዛችው ጡት መያዣ ሽቦው ጠባሳዋ ላይ እየተጋደመ መቀመጫ አሳጣት። ሽቦውን መዝዛ አወጣችው፤ ያኔ ደግሞ የግራው ጎን እንደ ባዶ ከረጢት ተጨማደደ። ጥጥ ጠቀጠቀችበት፤ ጥጡ በላብ እየተጓጎለ ሲያስቸግራት በስፖንጅ ለወጠችው። ስፖንጁ ቀላል ስለሆነ፣ መብራቱን ወደ ታች ለመሳብ እጇን ባነሣች ቁጥር ሽቅብ ይወጣል፤ ቀኙ ደግሞ በክብደቱ ቁልቁል ይጎትታል። ማንጠልጠያው ቀኝ ትከሻዋን እየበላ ሰንበር አወጣባት።

አንድ ቀን ሸሚዝ ወደ ብርሃን አንሥታ ስታይ፣ ፊት ለፊቷ የቆመችው ቁልፍ የምትተክለው ሴት ዓይኗን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ ቶሎ መለሰችው። ጎንበስ ብላ ራሷን ብታይ ስፖንጁ አንገቷ ሥር ደርሷል። ጎትታ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ልቧ አላርፍ አለ። ከስፌት መኪኖቹ መሃል ሳቅ ከተሰማ በእኔ ነው ትላለች። ዝም ካሉም በእኔ ነው።

ለክትትል ሆስፒታል በሄደችበት ቀን ነርሷ ትከሻዋ ላይ ያለውን ሰንበር አየችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ከመዝገብ ጫፍ ወረቀት ቆርጣ አንድ ነገር ጻፈችላት።

«እዚህ ይሂዱ። መጋረጃ ቤት ነው። ነርሷ ልካኝ ነው ይበሏት።»

«ጡት መያዣ ከመጋረጃ ቤት?»

«ሄደው ይዩት።»

«ታዲያ ለምንድነው ድምፅሽን ዝቅ ያደረግሽው፣ ሲስተር?»

«ውጭ ሰው ተሰልፏል እኮ» አለች ነርሷ እየሳቀች።

ሳቋን አልወደደችውም። ወረቀቱ አራት ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ተቀመጠ። ነርስ በሽተኛ ወደ መጋረጃ ሰፊ የምትልከው ምን ብታገኝበት ነው እያለች ስታብሰለስል ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን ትከሻዋ እንቅልፍ ስለነሳት ብቻ ሄደች።

ቤቱ እውነትም መጋረጃ ቤት ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል የተንጠለጠሉ ጨርቆች መሃል ለመሃል የምትጠብ መተላለፊያ አለች፤ በዚያ ተሹለክልከው ሲገቡ አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ ኮሌታዋ ላይ መርፌ የደረደረች ሴት ከስፌት መኪና ጀርባ ተቀምጣለች። ነርሷ እንደላከቻት ስትነግራት ሰፊዋ ምንም ሳትጠይቅ ተነሥታ የውጩን በር ቆለፈች።

«ለምን ይቆልፉታል?»

«መጋረጃ ፈላጊ ዘው ብሎ እንዳይገባብሽ ነዋ።»

ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካቻት። ደረቷን እንደ ሐኪም አላፈጠጠችበትም፣ እንደ ሌላውም ሰው አልሸሸችውም። ጥያቄዋ ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። በየትኛው ጎንሽ ነው የምትተኚው? በሥራ ላይ ወደ ላይ የምታነሺው የትኛውን እጅሽን ነው? ቦርሳሽን በየት በኩል ታንጠለጥያለሽ? ላብ ያስቸግርሻል? አንዱንም አልጻፈችውም።

«አይመዘግቡትም?»

«አልረሳም።»

ሃያ ሁለት ዓመት ልኬት ሲጻፍ ስታይ ለኖረች ሴት ይህ መልስ አይደለም። ልትሄድ ስትዘጋጅ ሰፊዋ ከመሳቢያ አንድ ጡት መያዣ አወጣች። ክሬም ቀለም ነው፤ ሽቦ የለውም፤ ማንጠልጠያው ሰፊ፣ መቆለፊያው በፊት በኩል፣ በግራው ውስጥ ደግሞ ኪስ አለው። በኪሱ ውስጥ ስስ ከረጢት ነበረች፤ ሲነኳት የሚንሸራተቱ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ተሞልተውባታል።

«ያ ስፖንጅ የሚወጣብሽ ክብደት ስለሌለው ነው» አለቻት። «ይሄ ለሙከራ ነው። አንድ ሳምንት ልበሺውና የቆረቆረሽን ቦታ ንገሪኝ። ከዚያ የራስሽን እሰፋልሻለሁ።»

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ሰፊዋ፣ ፊቷን አዙራ ሜትሯን እየጠቀለለች።

ፊቷን ማዞሯን ልብ ብላለች።

በማግስቱ ለብሳው ወደ ሥራ ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ ከላይ ያለውን ብረት ይዛ ቆመች፤ ያ ነገር ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፋብሪካ ውስጥ ግማሽ ቀን ሙሉ መብራቱን ስትስብና ሸሚዝ ስታነሣ ዋለች፤ ትከሻዋ አላቃጠላትም፣ ጠባሳዋም ብብቷ ጋ ጫፉ ትንሽ ከመነካቱ በቀር አልተፋቀም። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። ምቾቱ በጨመረ ቁጥር ግን ጥርጣሬዋ አብሮ ጨመረ። ለእሷ ያልተሰፋ ልብስ እንዴት እንዲህ ይስማማታል?

እሑድ ጠዋት አወለቀችውና ገለበጠችው፤ ከሥራ ቦታ ያመጣችውን ማጉያ መነጽር ይዛ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ያየችው ነገር ደሟን አፈላው። ማንጠልጠያው በተሰፋበት ቦታ አሮጌ የመርፌ ቀዳዳዎች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሦስት ጊዜ ተዛውሯል ማለት ነው። ክሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ነጭ አለ፣ ክሬም አለ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላም አለ። የኪሱ አፍ በእጅ የተሰፋ ሲሆን ስፌቱ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል፤ ግራኝ ሰው የሰፋው ነው። ላስቲኩ ከጨርቁ አዲስ ነው። ብብቱ አካባቢ ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ ያልለቀቀ ደብዛዛ መስመር አለ።

ልጇ ከመኝታ ክፍሏ እያዛጋች ወጣች።

«እማ፣ ምን እያየሽ ነው?»

«ይሄ የሰው ልብስ ነው። ያለበለዚያም የሟች ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«በሕይወት ያለ ሰው ይሄን አውልቆ ለማን ይሰጣል?»

ልጇ ጨርቁን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ምንም አልታያትም። «ግን ተመችቶሻል?»

«እሱ ነው እኮ ያስጠረጠረኝ።»

ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ብትሞክርም አልሆነላትም። እናትየው አልሳቀችም። ያንን ልብስ ሦስት ቀን ሙሉ ጠባሳዋ ላይ አስተኝታው እንደነበር እያሰበች ቆዳዋ ይሰቀጥጣት ነበር። ዕለቱን ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ሰኞ ያንኑ ስፖንጇን አድርጋ ሥራ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ጡት መያዣውን በፌስታል ቋጥራ መጋረጃ ቤቱ ደረሰች፤ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳትሰጥ ፌስታሉን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«ስንት ሰው ነው የለበሰው?»

ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። «ቆርቁሮሽ ነው?»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም።»

«ስድስት» አለች ሰፊዋ። «አንቺ ሰባተኛዋ ነሽ።»

«የሞተች አለችበት?»

«አንዷ አርፋለች። ስትለብሰው ግን ደህና ነበረች፤ የራሷን ከሰፋሁላት በኋላ ሁለት ዓመት ኖራለች። አልዋሽሽም።»

«አሁን ነው የማይዋሹኝ? ያን ዕለት የእኔ ነው ብለውኝ የለም?»

«ነገሩ የእኔም ነው። መጀመሪያ ለራሴ ነው የሰፋሁት» አለችና የሸሚዟን ግራ ጎን በመዳፏ ተጫነችው። ጨርቁ ከእጇ ሥር እንደዚያች ከረጢት ተንሸራተተ። «አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ነርሷ እናቷን አመጣችልኝ። ማንጠልጠያው አንገቴን ያዘኝ አለች፤ አዛወርኩት። ሌላዋ ኪሱ አፉን ይከፍታል ብላ ራሷ ሰፋችው፤ ግራኝ ነበረች። እንደዚህ እንደዚህ እያለ ነው እዚህ የደረሰው። ሐኪም ቢለካሽ፣ እኔ ብለካሽ፣ ሜትር የማይነግረን ነገር አለ። ለብሰሽው ስትውዪ ነው የሚታወቀው። አንዷ ከለበሰችው በኋላ ቀቅዬ አጥቤ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ሳላሰጣው ለሌላዋ ሰጥቼ አላውቅም።»

«መጀመሪያውኑ መንገር ነበረብዎት።»

«ነበረብኝ። ስነግራቸው ግን አይወስዱትም። ወደ ሽቧቸው ይመለሳሉ።»

እውነት ነው ብላ አልተቀበለችም፤ ውሸት ነውም አላለች። እንዲያው ጨርቁን ከፌስታሉ አውጥታ ገለበጠችና ጣቷን ብብቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው የሚቆረቁረው። ስፌቱ ወደ ውስጥ ነው የታጠፈው። እጅ ባነሣሁ ቁጥር ጠባሳው ጫፍ ላይ ይሄዳል። ወደ ውጭ መታጠፍ ነበረበት።»

«ወደ ውጭ ከታጠፈ ይታያል እኮ።»

«ለማን?»

ሰፊዋ ጨርቁን ወስዳ ረጅም ጊዜ አየችው። ቅር ብሏታል፤ አሥራ አንድ ዓመት ያላየችውን ነገር ሌላ ሰው በሦስት ቀን አየው። ቢሆንም በመጨረሻ የስፌት መፍቻዋን አንሥታ ሰጠቻት። «በይ አንቺው ፍቺው።»

ፈታችው፤ እዚያው ተቀምጣም መልሳ ሰፋችው።

የራሷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰላት። መጋረጃው መሃል ቆማ ስትለካው ከልማድ የተነሣ «መልሱት» ብላ ከአፏ አመለጣት፤ የቀኙ ማንጠልጠያ ከግራው በአንድ ጣት ያጥር ነበር። ሰፊዋ በልቧ እየረገመቻትም ቢሆን አስተካከለችላት። ከዚያ በኋላ እንከን አላገኘችበትም። ሥራ ቦታ ለብሳው ስትውል፣ ከምሳ በኋላ እስኪሆን ድረስ ደረቷን አንዴም ሳታስብ መቆየቷ ራሷን ገረማት። ሰፊዎቹ አሁንም ከመኪኖቹ መሃል ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዴ በእኔ ነው ትላለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳትሰማው ያልፋል።

በወሩ ያዘዘችውን ሁለተኛ ጡት መያዣ ለመቀበል ሄደች። ሰፊዋ እየጠቀለለችላት ሳለ አንዲት ቀጠን ያለች ሴት፣ ጋቢና ውስጥ ስትውል የኖረች የምትመስል፣ የመኪና ቁልፍ ጣቷ ላይ የሰካች፣ ከነርሷ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ገባች። ሰፊዋ ለክታ ስትጨርስ የሙከራውን አወጣችና ወደ ፊተኛዋ ደንበኛ ሰረቅ አድርጋ አየች።

«ይሄን ሰባት ሴቶች ለብሰውታል» አለች ለአዲሷ። «ቀቅዬ አጥቤዋለሁ።»

ሴትየዋ በሁለት ጣቷ አነሣችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። «አየሽ? ንገሪያቸው አልሽኝ፤ ነገርኩ።»

ተቆጣጣሪዋ ጥቅልሏንም፣ የሙከራውንም ከጠረጴዛው አፈፍ አደረገችና ተከትላት ወጣች። ሴትየዋ መንገዱ ጫፍ ላይ ወደቆመች ታክሲዋ ልትደርስ ነው። ሮጠች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለአውቶቡስም ቢሆን ሮጣ አታውቅም ነበር። እያለከለከች በሩ ላይ ደረሰችባት።

«ቆይ እስቲ፣ እህቴ። ለብሼዋለሁ፤ ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። ይዘሽው ሂጂ።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እሷ ናት የላከችሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እንዲህ እያላችሁ ነው ሰው የምታመጡላት?»

ደንግጣ ቆመች። ይህንን ጥያቄ በደንብ ታውቀዋለች፤ ምንም ብትመልስ እንደማያሳምን ጭምር ታውቃለች። ስለዚህ ማስረዳቱን ተወችው።

«እንዲያው እዪኝ» አለቻት። «አሁን ሮጫለሁ። የተወገደው የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ።»

ሴትየዋ አፍራ ዓይኗን ሰበረች፤ ከዚያ ግን ቀስ ብላ መለሰችውና አየች። መንገደኛ በመሃላቸው አለፈ። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ እንደገና ግራውን አየች። በመጨረሻ የመኪና ቁልፏን አንሥታ ቀኙን አመለከተች።

«አይደለም» አለቻት።

ሴትየዋ እጇን ለጨርቁ ዘረጋች። «አንድ ሳምንት ነው ያለችው?»

«አንድ ሳምንት። ማታ ማታ ገልብጠሽ እዪው፤ የቆረቆረሽን ቦታ እንዳትረሺው።»