የጎደለችው ቅርፊት

ሰዓሊዋ ዘንዶውን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ ከሦስቱ አንዱን የበላው ግን ሥዕሉ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው። ዘንዶ ወርቅ ይጠብቃል፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ግን ለምን? አይበላው፣ አይለብሰው፣ ገበያ አይወጣበት። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን አገባኝ" ብሎ ክንፉን ቀጥሎ፣ ጥርሱን ደርድሮ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሷ ግን እንዲህ ያለ ነገር ውስጧ ከገባ ምሳ አያስበላትም፤ የዘንዶውን ዓይን መሳል አቅቷት እርሳሷን ስታኝክ ከረመች።

የምትሠራበት ድርጅት ኦንላይን ስሎት የሚባለውን የቁማር ጨዋታ የሚያመርት ነው። ተጫዋቹ ስልኩ ላይ አንዲት ቁልፍ ይነካል፤ አምስት ዓምድ ሥዕሎች ይሽከረከሩና ይቆማሉ፤ ከገጠሙ ያገኛል፣ ካልገጠሙ ያጣል። ብዙውን ጊዜ አይገጥሙም። ሥዕሎቹ የሚለቀሙት ከጥንት ሕዝቦች ተረት ነው፤ ድርጅቱ ያልበረበረው ዋሻ የለም ማለት ይቻላል። ከራሷ አመድ የምትነሣው ወፍ፣ ክንፋሙ ፈረስ፣ እንቆቅልሿን ያልፈታውን መንገደኛ የምትበላው የአንበሳ ገላ ያላት ሴት፣ ሁሉም በሰዓሊዋ እጅ አልፈዋል። እሷ ስለ እያንዳንዳቸው ስታነብ ትውላለች። አለቃቸው እንቆቅልሽ ጠያቂዋን "ድመቷ" እያለ ነው የሚጠራት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲይዛት የምትሮጠው ወደ አባቷ ነው። አባቷ አርባ ዓመት ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ከደረጃ ሥር በተሸጎጠች ሱቃቸው ደንበኛ ሲጠፋ፣ ሞረዳቸውን አስቀምጠው የጥንት ተረት መጽሐፍ ይገልጡ ነበር፤ ልጃቸውንም ያሳደጓት በዚሁ ነው። የዘንዶውን ነገር ስትጠይቃቸው ሳቁባት።

"ወርቁ ሰበብ ነው" አሏት። "ወርቅ ባይኖር ማን ጤነኛ ሰው ዋሻ ይገባል? ተረቱ የሚጀምረው ሰው ሲገባ ነው። ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሺ፤ የትኛውም ጠባቂ አንድ ክፍተት አለው። አንዱ ተረከዙ ላይ ነው፣ አንዱ ሆዱ ሥር። ክፍተት የሌለው ነገር ግድግዳ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም።"

ያን ቀን ዘንዶ ሲያወዳድሩ ዋሉ። የሰሜን ባሕር ሰዎች ዘንዶ ድሮ ሰው ነበር፤ ቅርፊት ያወጣው ወርቁ ላይ ተኝቶ ሲከርም ነው። የሩቅ ምሥራቆቹ ዝናብ ያመጣል እንጂ ማንንም አይበላም። የግሪኮቹ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ አባቷ ይህኛውን በጣም ወደዱት፣ ለሱቅ ጥበቃ ቢቀጥሩት ኖሮ ብለው።

ሰዓሊዋ በማግሥቱ ዓይኑን ሳለችው። ከዚያ ለአባቷ ተረቶች ሰላምታ ይሁን ብላ፣ ከግራ ክንፉ ሥር አንዲት ቅርፊት ሳትስል ተወች። የጥፍር ያህል ራቁት ቦታ ናት። በቢሮው ማንም ልብ አላላትም።

ጨዋታው ከወጣ በኋላ አንድ እሑድ ታብሌት ይዛ ወደ አባቷ ሄደች። ያሳየቻቸው ነፃውን ነው፤ ገንዘብ አይገባበትም፣ ገንዘብ አይወጣበትም። አባቷ የቁልፍ ሆድ ሲያዩበት የኖሩትን ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው አጎነበሱ፤ የምሳውን ሳህን አንሥታ ሳትጨርስ "አገኘኋት" ሲሉ ሰማቻቸው። ደስታው አላስችል ብሏት ታብሌቱን ትታላቸው ሄደች። ጥፋቱ የተሠራው እዚያች ላይ ነው፤ ሁለቱም አላወቁም።

ከወር በኋላ፣ ሐሙስ ከሥራ መልስ ጎራ ስትል፣ አባቷን ባለ ካሬ ደብተር ዘርግተው አገኘቻቸው። ደብተሩ ሊሞላ ጥቂት ገጽ ነው የቀረው። ዘንዶው በየትኛው ዓምድ እንደቆመ፣ ወፊቱ በላዩ ነበረች ወይስ በጎኑ፣ ራቁቷ ቦታ ወደየትኛው ሥዕል እንደምታመለክት፣ ሁሉም በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ሰፍሯል። በመጀመሪያ ተደነቀች፤ ወንበር ስባ ጎናቸው ተቀመጠችና ሦስት ገጽ አነበበች። አያያዛቸው የቁልፍ ሠሪ ነው፤ አስቸጋሪ ቁልፍ ሲመጣላቸው፣ አንዴ የሞከሩትን ሁለቴ ላለመሞከር እያንዳንዱን ሙከራ ይጽፉ ነበር። በአርባ ዓመት ያልከፈቱት ቁልፍ እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ከዚያ የተጻፈበትን የመጨረሻ ገጽ ገለጠች። "ነፃው ማሳያ ብቻ ነው። በእውነተኛው ይሞከር። ሰኞ ጠዋት" ይላል። የባንክ ካርዳቸው ገጹ ላይ ዕልባት ሆኖ ገብቷል።

ክፍተት የለም አለቻቸው። ቅርፊቷን የተወችው ለእሳቸው ብላ እንደሆነ፣ ከጨዋታው አሠራር ጋር ምንም እንደማይገናኝ ነገረቻቸው። አባቷ በትዕግሥት ሰሟት፤ ይበልጥ ያስፈራትም ያ ትዕግሥታቸው ነው።

"የኔ ልጅ፣ አንቺ በሩን ነው የቀባሽው" አሏት። "ቁልፉን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ለቀለም ቀቢ የቁልፉ ምስጢር ይነገራል እንዴ?"

ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ወደሠራው ሰው ሄደች። ሒሳብ ሠሪው ከእሷ ጎን የሚቀመጥ፣ የትኛው ሥዕል በስንት ዙር አንዴ እንደሚቆም የሚወስን ዝምተኛ ሰው ነው። ዘንዶው ክፍተት አለው ወይ ብላ ስትጠይቀው ግራ ገባው። ለእሱ ዘንዶው ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ ክንፍ እንዳለው ራሱ የሰማው ገና አሁን ነው። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ዙር እንደማያውቅ፣ መቶ ገጽ ቢጻፍ ለመቶ አንደኛው ገጽ የሚነግረው አንዳች ነገር እንደሌለ አስረዳት።

ንግግራቸውን የሰማችው፣ ለተጫዋቾች ጥያቄ መልስ የምትጽፈው ልጅ ዞር አለች። ስለዚያች ራቁት ቦታ በየቀኑ ይጠይቃሉ አለቻቸው። አለቃው ነገሩን ካወቀ ሰንብቷል፤ ደስ ብሎት "ምስጢሩን እርስዎ ይድረሱበት" ብለሽ መልሺ ብሏታል። ሰዓሊዋ ፊቷ ጋለ። ለሰላምታ ያስቀመጠቻት ነገር ማጥመጃ ሆናለች፤ ከተያዙት አንዱ ደግሞ የገዛ አባቷ ናቸው።

ወደ ደረጃው ወጥታ ደወለችላቸው፤ ቁልፉን የሠራው ሰው ራሱ ክፍተት የለም ብሏል አለቻቸው። አባቷ ሳቁ።

"እኔስ የሠራሁትን ቁልፍ ክፍተት ለሰው ነግሬ አውቃለሁ?"

እውነታቸውን ነው፤ ነግረው አያውቁም። በአፍ የሚሆን ነገር አልቀረም።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመለሰችና ዘንዶውን ከፈተች። አንዲት ቅርፊት መሳል አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ እሷ ግን ሰዓት ተኩል ፈጀባት። በሕይወቷ ከሳለቻቸው ሁሉ ያቺን ያልሳለቻትን ያህል የምትወደው አልነበራትም። ከጎረቤት ቅርፊቶቿ ጋር አመሳስላ፣ ጥላ ሰጥታ ደፈነቻት። ወደ ጨዋታው የሥዕል እርማት ሲላክ የአለቃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የሁለት ሠራተኞች ማረጋገጫ ይበቃል። ሰኞ አለቃው ደርሶበት እንደሚያፈጥጥባት ታውቃለች። ያፍጥጥ። ሒሳብ ሠሪው ምንም ሳይጠይቅ አረጋገጠላት። ትንሽ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከቁጥሮቹ ሳያነሣ፣ ድመቷስ ምን ነበር የምትጠይቀው አላት።

ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ጠይቃ አባቷ ቤት ደረሰች። ጠረጴዛው ተጠርጓል፤ ታብሌቱ፣ ደብተሩና ካርዱ እንደ ሥራ ዕቃ በተርታ ተቀምጠዋል። አባቷ ቅር ሳይላቸው ጎናቸው ወንበር ሰጧት። ማጉያውን ሰክተው ጨዋታውን ከፈቱ። አጎነበሱ፣ ታብሌቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ እንደገና አጎነበሱ።

"ደፍነውታል" አሉ።

"እኔ ነኝ የደፈንኩት።"

ማጉያውን አወለቁ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ነገር ሲያወጡ ሲያወርዱ እንደሚያደርጉት አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ያሹ ጀመር።

"በምን ደፈንሽው?"

"በቀለም። በሌላ በምን?"

"ሌላ ሰው አልነካውም? ከውስጥ የተለወጠ ነገር የለም?"

"ምንም።"

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

"እንግዲያው ክፍተት አልነበረም" አሉ በመጨረሻ። "በቀለም ብቻ የሚደፈን ቀዳዳ፣ ቀዳዳ አይደለም። የእውነት ቢሆን ብረት ይጠይቅሽ ነበር።"

ካርዱን አንሥተው ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱ፤ ታብሌቱን በፊቱ ደፉት። ዓይናቸው ግን ደብተሩ ላይ ቀረ፤ ያኔ ሆዷ ባባ። ሱቁን ከዘጉ ወዲህ እንዲህ የተጉበት ነገር አልነበራቸውም፤ የሰጠቻቸውም የነጠቀቻቸውም እሷ ናት። ይቅርታ ልትል ስትል ቀደሟት። ከደብተሩ ባዶ ገጽ ፈልገው ፊቷ አኖሩ።

"የእውነት ክፍተት ያለውን፣ የሚሞተውን ዘንዶ ሳዪልኝ" አሏት።

ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች። እያዩ እንዳይገምቱ ጀርባዋን ሰጥታቸው አንገቱን አስረዘመች፣ ክንፎቹን ዘረጋች፣ ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ደረደረች። ስልኳ ሁለቴ ጮኸ፤ አለቃው ይሆናል ብላ አላነሣችውም። ስትጨርስ ደብተሩን ወደ እሳቸው ገፋችው።

"ያው ግራ ክንፉ ሥር ነው?"

"ይፈልጉት" አለቻቸው።

አባቷ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ።