ደጋ ላይ የሚተኛ ጋዝ

እና አባባ ለምንድን ነው ወደዚያ ብርድ የተመለሰው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ይዤው የምዞረው ጥያቄ ይኸው ነው፣ ሰላሳ ዓመት ዱብቲ የጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነድቶ፣ ሙቀቱን እንደ ቆዳው ለምዶ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በወሩ ሻንጣውን አስሮ ለጋምቦ ገባ፣ አባቱ የተወለደበት፣ ውርጭ ገብስ የሚያቃጥልበት አገር፣ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም፣ በኛ ቤት ማንም ማንንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። አሁን ደግሞ ደረቱ።

ስለዚህ እዚህ ተቀምጫለሁ። አዋሽ ሰባት፣ የጁነዲን ጋዝ ማከፋፈያ ግቢ፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ለቤት ማሞቂያ የሚሆን ጋዝ በጅምላ ልገዛ። ለማሞቂያ። ቃሉን ጮክ ብዬ ብናገረው ግቢው በሙሉ ይስቃል። ሎግያ ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ኑርሀያት እንኳ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው፣ አንቺ ልጅ፣ እዚህ በነፃ የሚታደለውን? በሩን ክፈቺና በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተሽ ላኪላቸው። ስቃ ስታበቃ ግን ከመደርደሪያዋ ጀርባ ማሞቂያውን ጎትታ ያወጣችው እሷው ናት፣ ከጅቡቲ ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ፣ በዚህ ሙቀት ማን ይገዛዋል፣ አራት ዓመት በካርቶኑ አቧራ ሲጠጣ የኖረ፣ ውሰጂው፣ ለአባባ ታጁ ከኔ ነው ብለሽ ንገሪያቸው አለችኝ።

ማሞቂያው ተገኘ። ጋዙ ነው የጠፋው።

ባለፈው ታኅሣሥ አባባ ደሴ ሆስፒታል አስራ ሁለት ቀን ተኛ፣ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከኔ ብዙም አይበልጥም፣ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ ሁለት ነገር ነው አለኝ፣ ጭስ እና ብርድ፣ ከሁለቱም ይራቁ፣ እንዲህ ያለ ሌላ ክረምት አይችሉም። ክረምት ያለው ብርዱን ነው፣ ገብቶኛል። ግን በለጋምቦ ከብርድ የሚሸሹት ወደ ጭስ ነው፣ ከጭስ የሚሸሹት ወደ ብርድ፣ ማታ ማታ ኩበት ቤት ውስጥ ያነዳል፣ ሲሞቀው ያስለዋል፣ እንዳያስለው ሲያጠፋው ይበርደዋል፣ ሲበርደው ያስለዋል። ስልክ ላይ ሳሉን ለመደበቅ አፉን ከስልኩ ያርቃል፣ እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ ዝናብ ዘነበ ወይ እለዋለሁ። ዛሬ ጥቅምት ሃያ ሦስት። ውርጩ ሊጀምር ነው።

ሦስት ወር ፈለግኩ። ሎግያ ያለው የጋዝ ሱቅ ባዶ ሲሊንደር ይዘሽ ነይ፣ በሰው አንድ ነው፣ ዋጋው ደግሞ የሚነካ አይደለም፣ ዱብቲ ነገ ይገባል፣ ነገ ይገባል፣ ነገው አልገባም፣ ሰመራ አንድ ሰውዬ አለኝ አለና ሲሊንደሩን ሳነሳው ግማሽ መሆኑ ክንዴ ነገረኝ፣ አፌ ግን ምንም አላለም፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ፣ ያታለለኝን ሰው አመስግኜ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አስራ አራት ስልክ ቁጥር አለ። ከመደወሌ በፊት የምናገረውን እጽፈዋለሁ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ዘሀራ እባላለሁ፣ በጅምላ ትሸጣላችሁ ወይ፣ ከዚያ ሃሎ ሲሉኝ እዘጋዋለሁ። ሰመራ መሥሪያ ቤቴ ቀኑን ሙሉ የውሃ ናሙና ስመረምር ነው የምውለው፣ ውሃ አይመልስልሽም፣ ውሃ ምን ፈለግሽ አይልሽም፣ ለዚህ ነው የምወደው መሰለኝ።

ጁነዲን ግን ገና ስገባ አለኝ። ምን ፈለግሽ እህቴ፣ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ፣ ከሚዛኑ ቀና ሳይል። አስር ሲሊንደር፣ ባለ አስራ ሁለት ኪሎውን። አሁን ቀና አለ። አስር! ሆቴል ነው? እኔ በጅምላ የምሸጠው ለሆቴል ብቻ ነው፣ ለመኖሪያ ቤት ብዬ የሰጠኋቸው ሁሉ ሄደው ይቸረችሩታል፣ ስሜም ይጠፋል ዋጋዬም ይጠፋል። ሆቴል ነው ወይስ ቤት? እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ለየትኛው እንደነቀነቅኩ አላህ ያውቃል። ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜሽ የሆቴል ባለቤት፣ ማን ይባላል ሆቴሉ? ታጁ አልኩት፣ ሌላ ስም አልመጣልኝም። ታጁ ሆቴል፣ ጥሩ ነው፣ ስንት አልጋ ነው? አንድ ልለው ነበር፣ እውነቱ ከአፌ ሊያመልጥ፣ ገና እየሠራን ነው አልኩ። አብሽሪ፣ ሁሉም ከትንሽ ነው የሚጀምረው፣ ቁጭ በይ፣ የጭነት መኪናው እስኪደርስ።

ቁጭ አልኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ የሱፍ ባና፣ አንድ እንግዳ፣ ሂሳብ የማይከፍል።

ከሳጥኔ ፊት ለፊት ሲሊንደሮቹ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ቀለማቸው የተላጠ፣ አንገታቸው አጭር፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ ይመስላሉ፣ አስሩ የኔ ናቸው፣ ጁነዲን በጠመኔ ታጁ ብሎ ጻፈባቸው፣ የአባቴ ስም አስር ጊዜ። አየሩ ከሲሊንደሮቹ በላይ ይንቀጠቀጣል። አንዱን በእጄ ስነካው ያቃጥላል፣ ሳወዛውዘው ውስጡ ይንቦጫረቃል፣ ፈሳሹ ሕያው ነው፣ ሊወጣ የቸኮለ። በቃ፣ አገኘሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሙሉ፣ በሚዛን፣ ዋጋው ከሎግያው በብዙ የሚቀንስ፣ ለምንድን ነው ታዲያ የማላርፈው፣ ስለዋሸሁ ነው፣ ሰው ስለዋሸ ብቻ እንዲህ እረፍት አያጣም።

መኪናው ገባ። ሹፌሩ አብዮት ይባላል፣ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ፣ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ አቦ ይሄ መንገድ ጨረሰን አለ ለማንም ሳይሆን። ጁነዲን አገናኘን፣ የታጁ ሆቴል ባለቤት፣ ዕቃ አላት፣ አንተ እንደሁ ባዶህን ነህ። አብዮት አየኝ፣ ጫማዬን፣ መነጽሬን፣ እቅፌ ላይ ያለውን ደብተር። የኔ እናት፣ የት ነው የማወርድልሽ፣ ሰመራ ነው ሎግያ? ኮምቦልቻ አልኩ። ጮክ በይ፣ ጆሮዬን ሞተር በልቶታል። ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ለጋምቦ ይሄዳል። ለጋምቦ? ሆቴል? እዚያ ብርድ ውስጥ ማን ሊያድር ነው፣ ጁነዲን፣ ይቺ ልጅ ለበግ ነው እንዴ አልጋ የምታከራየው? ጁነዲን መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ሁለቱም ያዩኛል። የፊቴ ግለት ከሲሊንደሮቹ ይብሳል።

ለማሞቂያ ነው አልኩ። አልኩት። ለአባቴ።

አልሳቁም። አብዮት ፎጣውን ከአንገቱ አንስቶ ፊቱን ጠረገ፣ እየው እንግዲህ አለ፣ ይሄን ጋዝ ነው ደጋ ይዘሽ የምትወጪው? ስሚኝ የኔ እናት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት እዚያው ደጋ ጉጉፍቱ ላይ መኪና ተበላሽቶብኝ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ፣ ታኅሣሥ ነው፣ ከዚሁ ከአዋሽ ያስሞላሁትን ጋዝ ይዣለሁ፣ ሻይ ላፍላ ብዬ ለኮስኳት፣ መጀመሪያ ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ቆይታ ሲሊንደሩ ጤዛ አወጣ፣ ከዚያ በረዶ ለበሰ፣ እሳቷ የጧፍ ያህል ሆነች። አልቋል ብዬ ልወረውረው ስል አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ሳቁብኝ፣ አላለቀም፣ በርዶት ተኝቶ ነው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመው አሉኝ። ውሃውን በምን ላሙቀው? በኩበት! አስቢው እስቲ፣ ጋዝ ለመቀስቀስ ኩበት ማንደድ።

አሁን ጁነዲን ሳቀ። እኔ ግን አልሰማሁትም፣ የሦስተኛ ዓመት ፈተና ላይ ነኝ፣ ቡቴን፣ ይሄው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው፣ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ፣ ከዚያ ከቀዘቀዘ ፈሳሹ ወደ ጋዝ አይለወጥም፣ ሲነድ ደግሞ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ሙሉ ነጥብ ነው ያገኘሁት፣ መምህሩ በቀይ በደማቁ ጎበዝ ብሎ ጽፎልኛል። ኬሚስት ነኝ እኮ። አርባ ዲግሪ ውስጥ ተቀምጬ ስለ አርባ ዲግሪ ጋዝ አሰብኩ። ብርዱን ረሳሁት፣ ልገዛለት የመጣሁትን ብርድ።

ቆይ። ሌላም አለ። እረፍት የነሳኝ እሱ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ፣ ከሰመራ ከተነሳሁ ጀምሮ። ባለፈው ሳምንት ስልክ ላይ ምን ነበር ያለኝ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩት፣ በሩ ስር ጆንያ አደረግኩ፣ ንፋስ የሚባል አይገባም፣ ደስ እያለው፣ እኔም ጎሽ አባባ አልኩት። መስኮት የሌለው ቤት ነው። ቢሠራስ? ማሞቂያው ሰመራ ላይ እንዳለ ሁሉ ቢነድስ? የተወተፈ ክፍል፣ የደከመ ሳንባ፣ አየሩ ራሱ ስስ የሆነ ከፍታ፣ እሳቱ ያለውን ኦክሲጅን በልቶ ሲጨርስ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም እንኳ፣ ጭሱ ቢያንስ ያስለዋል፣ ቢያንስ ይቀሰቅሰዋል። አስር ሲሊንደር እንቅልፍ ልልክለት ነበር፣ ስሙ በጠመኔ ተጽፎበት።

ስልኬን አወጣሁ፣ የምለውን አልጻፍኩም።

አባባ። አቤት ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ በሥራ ሰዓት? ደህና ነኝ፣ አባባ፣ ሰመራ ና፣ ለአራት ወር ብቻ፣ ውርጩ እስኪያልፍ፣ አልጋ አለኝ። ከሩቅ በግ ይሰማል። አልመጣም ዘሀርዬ። ለምን? ይኸው ጠየቅኩት፣ እንደዚህ ነው የወጣው፣ ጋዝ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ወንዶች እየሰሙ። ለምንድን ነው መጀመሪያውኑ የሄድከው፣ ብርድ አትወድም፣ ዱብቲ እያለን ጥቅምት ላይ ሹራብ የምትለብስ አንተ ብቻ ነበርክ። ሳለ፣ ዛሬ ስልኩን አላራቀውም። ልጄ፣ ዱብቲ ሰላሳ ዓመት የኖርኩት በኩባንያ ቤት ነው፣ ቁጥር ያለው ቤት፣ ሥራ ስለቅ ቁልፍ አስረክብ አሉኝ፣ አስረከብኩ፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገና መግባትሽ ነበርና ልነግርሽ አልፈለግኩም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት አላድርም ብያለሁ፣ ያንቺም ቢሆን። እዚህ ቢበርደኝ በቤቴ ነው የሚበርደኝ። አልሃምዱሊላህ።

ይኸው ነው። ስምንት ዓመት ምክንያቱ የእማዬ ሞት፣ የአባቱ መሬት፣ የዱብቲ ወባ ይሆናል ስል ኖሬያለሁ፣ እኔን ሸሽቶ እንደሆነም አስቤ አውቃለሁ፣ ለካ አንድ ቁልፍ ነው።

እሺ አባባ፣ አሁን ሄደህ ጨርቁን ከቀዳዳው አውጣው። ምን? አውጣው፣ በኋላ አስረዳሃለሁ። እሺ አለ፣ ሳይከራከር፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሬው ስለማላውቅ መሰለኝ።

ጁነዲን ጠመኔውን በጣቱ ያሽከረክራል። ታዲያ ሆቴሉ አባትሽ ናቸው? አዎ፣ ይቅርታ፣ ዋሸሁህ። ወላሂ እንደዚህ ያለ ሆቴል ሸጬ አላውቅም፣ ብትነግሪኝ ምን ነበር፣ ልበላሽ ነው? አብዮት ጣልቃ ገባ፣ ተዋት ጁኔ፣ አንተን አይቶ የማይዋሽ ማን አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽ። ከዚያ ጠየቅኩ፣ ለቤት ቢሆንም፣ እንደማልቸረችረው ብምልልህ፣ አምስት በጅምላው ዋጋ ትሰጠኛለህ? አስር ያልሽው? አስር አያስፈልግም፣ ማሞቂያውን ትቼዋለሁ፣ ለጋዝ ምድጃ ነው የምፈልገው። ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየ። አምስት፣ ባዶውን ግን ራስሽ ትመልሺልኛለሽ፣ አንድ ቢጎድል ለጋምቦ ድረስ እመጣለሁ፣ ብርድ ልብስም አልይዝም።

አሁን ጭንቅላቴ ይሠራል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ላብራቶሪ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ። ክፍሉ ውስጥ እሳት አይነድም፣ ኩበትም ጋዝም፣ ምድጃው ውጭ በረንዳው ጥግ፣ ቀን ፀሐይ ሲሊንደሩን ስታሞቀው ውሃ እናፈላለን፣ ምግቡንም ያኔ፣ ውሃው በቴርሞስ ያድራል፣ ከዚያ በጎማ የውሃ ከረጢት ሞልቶ ከባናው ስር፣ አንዱ እግሩ ጋ፣ አንዱ ደረቱ ጋ፣ ሲቀዘቅዝ መለወጥ ነው፣ ሌሊት ሁለት ሦስቴ። ማን ይለውጠዋል። ጎረቤቱ አይናለም ደግ ናት፣ ግን የራሷ ልጆች አሏት፣ እሱ ደግሞ ሰው አያስቸግርም፣ ቀዝቅዞ ያድራታል እንጂ አይጠራትም።

የሁለት ዓመት የዓመት ፈቃድ አለኝ፣ የትም ስለማልሄድ ተጠራቅሞ፣ እሱ ካለቀ ያለ ደመወዝ እጠይቃለሁ፣ ከከለከሉኝ ደግሞ፣ ከከለከሉኝም።

አብዮት አምስተኛውን ጭኖ በገመድ እያሰረ ነው። እሺ የኔ እናት፣ ኮምቦልቻ ማን ይቀበለኛል፣ ስልክ ስጪኝ። ሰው የለም አልኩት፣ ጋቢናህ ውስጥ ቦታ ካለህ እኔ ነኝ። ዛሬ? ዛሬ፣ ግን መጀመሪያ ሰመራ ድረስ ዙርልኝ፣ እዚያ እናድራለን፣ ነገ ጠዋት የፈቃድ ማመልከቻ አስገብቼ ሹራብ ልያዝ። አባባን አላወርደውም። እኔ እወጣለሁ፣ እስከ የካቲት ድረስ ከሱ ቤት አድራለሁ፣ ውሃውንም እኔ እለውጣለሁ።