ሁለት ጎማና አንድ ስድብ

"ኧረ ተከራከሪኝ እንጂ፣ እህቴ!" አለ ብስክሌት ሻጩ።

ኪብሳ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ያስቀመጠችው ሰውየው የጠራላትን የመጀመሪያ ዋጋ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው የማይከፍለው፣ እሱ ራሱም ይከፈለኛል ብሎ ያላሰበው፣ ለጨዋታ መክፈቻ ያህል የተወረወረ ዋጋ። በዋጋዱጉ ከተማ ገበያ ውስጥ በመጀመሪያው ዋጋ የሚገዛ ወይ ዛሬ ከአውሮፕላን የወረደ ነው፣ ወይ ገንዘቡን የሰረቀ ነው።

"ልክ አይደለም እንዴ?" አለች።

"ልክማ ልክ ነው። ግን..." ሻጩ ራሱን አከከ። "ውድ ነው በይኝ እስቲ። ወይ ተቆጪና ውጪ፤ በሩ ጋ ስትደርሺ እጠራሻለሁ።"

"ውድ ነው" አለች፣ ደስ እንዲለው ብላ።

ሰውየው ከገንዘቡ ላይ ቀነሰና መለሰላት፤ ነገሩ ግን አልጣመውም። ተሟግቶ ያልሸጠው ዕቃ ሰርቆ የሸጠው ያህል ከበደው። ቀለም ምረጪ ሲላት በሩ አጠገብ የቆመውን ያዘች። ሰማያዊ መሆኑን ያየችው መንገድ ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

አዲስ የእሽቅድድም ብስክሌት መግዛት ቀላል ነገር አይደለም። ኪብሳ ሸማኔ ናት፤ ስንት ዓመት ሙሉ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ይህንን ቀን ስታልም ኖራለች። ቀኑ ሲመጣ ግን ለማገዶ ገበያ የወጣች ያህል እንኳ አልሞቃትም። ባሏ ሳልፎ ከሞተ ወዲህ ምንም አይሰማትም። አላለቀሰችም፣ አልታመመችም፤ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ሰላም ሲሏት ሰላም ትላለች። የሐዘኗ ጊዜ ሳያልቅ ከቤት መውጣት ስለማይገባት የምትወዳደርበትን የክለቡን ብስክሌት መልሳ ነበር። ጊዜው አልቆ ስትመለስ አሠልጣኙ ብስክሌቱን ለሌላ ልጅ ሰጥቶት አገኘችው። "እሁድ የዚንያሬ መንገድ ላይ የቡድን መምረጫ ውድድር አለ" አላት። "የራስሽን ይዘሽ ከመጣሽ ቦታሽ አለ። ካልመጣሽ ግን ይቅርታ፣ ቡድኑ አንቺን እየጠበቀ አይቀመጥም።"

የራሷን ለመግዛት የሳልፎን ሞተር ብስክሌት ሸጠች። ሳልፎ በሕይወቱ ሳለ ከግንበኝነት ሥራው ውጭ የሚያወራው ነገር ቢኖር የእሷ እሽቅድድም ነበር። እሁድ ነገ ነው። ያ ቦታ ከሄደ ለኪብሳ ከሸማ መሥሪያዋና ከባዶው ቤት በቀር የሚቀራት የለም። ይህንን ታውቃለች። ቢሆንም የምታውቀው የጎረቤቷን ችግር እንደምታውቀው ነው።

ሮኪያ፣ የክለብ ጓደኛዋ፣ ውጭ የራሷን አሮጌ ብስክሌት ተደግፋ ትጠብቃታለች።

"አዲስ ነው የገዛሽው?" ብላ ጮኸች። "ሰው ሁሉ 'ደህና ሁኚ ፈረንሳይ' እየተሻማ አንቺ አዲስ?"

"ደህና ሁኚ ፈረንሳይ" የሚባለው ከአውሮፓ ተነድቶ፣ ተጠልቶ፣ በመርከብ የሚመጣ አሮጌ ዕቃ ነው። ከተማው ከአዲስ ይልቅ እሱን ያምናል፤ እዚያ ያልሰበሩት እዚህ አይሰበርም ይባላል።

"ማንም ያልተቀመጠበት ፈልጌ ነው" አለች ኪብሳ።

ሮኪያ ጎንበስ አለችና የፊቱን ጎማ በሁለት ጣቷ ጨመቀችው።

"ይሄ ደግሞ ጎማ ነው? የውኃ ቱቦ ነው! ከዚንያሬ ወዲህ ያለውን መንገድ አላየሽም? ቆፍረው ጠጠር አፍስሰውበታል። በዚህ ገብተሽ ጥርስሽን ትለቅሚያለሽ። ጎሚስታው ቶኤ ጋ ውሰጂው።"

"ሌላ ጎሚስታ የለም?"

"ለሞተር በየመንገዱ ሞልቷል። የኮርሳ፣ የእሽቅድድም ብስክሌት፣ ጎማ ያለው ግን ቶኤ ጋ ነው። ደግሞ እስከ መቼ ነው ከቶኤ የምትሸሺው?"

ኪብሳ አልሸሸችም። ዝም ብሎ እግሯ ወደዚያ አልሄደም።

ፓርፌ ቶኤ ከሳሞ ጎሳ ነው፣ እሷና ሳልፎ ከሞሲ፤ ሁለቱ ጎሳዎች ከጥንት ጀምሮ በስድብ መቃለድ ልማዳቸው ነው። ሞሲና ሳሞ ተገናኝተው ሳይሰዳደቡ ከተለያዩ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔ ጌታህ ነኝ፣ አንተ ሎሌዬ ነህ፤ አይ፣ አያቴ ነው አያትህን የገዛው። ይህ ክርክር በሠርግም፣ በሐኪም ቤት ወረፋም፣ በቀብርም አይቋረጥም፤ በቀብር እንዲያውም ይብሳል። ሳልፎ የሞተ ዕለት ቶኤ መጥቶ በሩ ላይ ተጋደመና ሬሳው እንዳይወጣ ከለከለ። "ይሄ ሰነፍ ሎሌዬ ግድግዳዬን ሳይለስን ወዴት ነው የሚሄደው? ቀስቅሱልኝ!" አለ። ሽማግሌዎቹ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ሳንቲም ሲወረውሩለት መንገድ ለቀቀ። ከዚያ ወደ ኪብሳ መጣ። "አንቺ የሎሌ ሚስት፣ ምን ይጎልትሻል? ተነሺና እግሬን እጠቢ!"

ውኃ ልትደፋበት ይገባ ነበር። አያቱን ልትሰድብ፣ ጫማውን ነጥቃ ልትወረውር ይገባ ነበር። ኪብሳ ግን ቀና ብላ አየችውና "ስለመጣህልን እናመሰግናለን፣ ጌታዬ" አለችው።

ለቢሮ ሰው፣ ለሐኪም፣ ለማያውቁት እንግዳ እንደሚባለው ነበር ያለችው።  ከቅድመ አያቶች ጀምሮ ማንም ሞሲ ለማንም ሳሞ ያልሰጠውን 'ጌታዬ' የሚል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሰጠችው፤ የተሰጠው ሰው ግን እንደተሰደበ አቀረቀረ። ቶኤ ሱሪውን አራግፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቤቷ ደጅ አላለፈም።

ቶኤን ጉንጊን ሰፈር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ቸርኬዎች በተሰቀሉበት ግድግዳ አጠገብ ተቀምጦ ጎማ ሲጠግን አገኘችው። አንድ ሞሲ ሽማግሌ አብራቸው ያረጀች ብስክሌታቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ።

"ደህና ዋልክ" አለች ኪብሳ።

ቶኤ ቀና አለ። ብስክሌቱን አየ፣ እሷን አየ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ተነሣ።

"ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ። ምን ልታዘዝ?"

ሽማግሌው ዞር ብለው ሁለቱንም አዩ። ሳሞ ሞሲዋን "እርስዎ" ሲል በዕድሜያቸው አልሰሙም። ኪብሳ ቃሉ እንደሚያም ገባት፤ የሚያመው ቦታ ግን የት እንደሆነ አላገኘችውም።

"ጎማውን ልቀይር ነበር። ነገ ምርጫ አለ።"

"ይቀመጡ።"

ጎማ ማውጣት ጀመረ። ቶኤ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉን መያዝ አይችልም። ከብስክሌቱ ጋር የመጣውን አዲስ ጎማ ከቸርኬው ፈልቅቆ ሲያወጣ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

"ማነው ይሄን የሸጠልሽ? ይቅርታ፣ የሸጠልዎት?"

"ገበያ ነው።"

"ስፋቱ ሃያ ሦስት ሚሊ ነው። ለሚስማር ቀለብ።" ከጓዳ ሰፊ ጎማ አመጣና የኋላውን ፍሬን በዓይኑ ለካ። "ሃያ ስምንት ከፊት ይገባልሻል። ከኋላ ግን ፍሬኑን ይልሳል፤ ሽቅብ ስትወጪ ማን ይዞ እንደሚጎትትሽ ሳታውቂ ትቀሪያለሽ። ከኋላ ሃያ አምስት።"

"እሺ።"

"እሺ ብቻ! 'ለምን?' አትዪኝም?" ወዲያው ራሱን ገታ። "ማለቴ... አይሉኝም።"

በባዶ እጁ፣ ያለ ብረት፣ በአውራ ጣቱ እየገፋ አዲሶቹን ጎማዎች አስገባ። ትንሽ ነፋ፤ ቸርኬውን እያሽከረከረ የውስጡ ጎማ አለመቆንጠጡን ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ሙሉ ነፋ። ጎማው ጧ ብሎ ቦታውን ያዘ። ሽማግሌው "በለው!" አሉ። ቶኤ ብስክሌቱን አንሥቶ መሬት ላይ አነጠረው፤ ነጠረ። ይህን ጊዜ ሚስቱ በነጠላ ጨርቅ የተቋጠረ ድስት አምጥታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ሄደች። ሩዝ በባቄላ መሆኑ ከሽታው ይታወቃል።

ኪብሳ ቦርሳዋን ከፈተች። "ስንት ነው?"

ቶኤ የብስክሌቱን መሪ አልለቀቀም።

"አልቀበልሽም" አለ። "እርስዎ" የሚለው ነገር ከአፉ ጠፍቶ ነበር። "ብስክሌቱም አይወጣም። እስክትሰድቢኝ ድረስ እዚሁ ያድራል።"

"ቶኤ፣ ነገ በጠዋት ነው።"

"ታዲያ አሁኑኑ ጀምሪ።"

"እባክህ።"

"ይኸው! ጨዋነቷን አያችሁልኝ? እባክህ ትለኛለች!" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "አባባ፣ ሞሲ ለሳሞ እባክህ ብሎ ያውቃል?"

"ሲል አልሰማሁም" አሉ ሽማግሌው። "ልጄ፣ እኔ ልስደብልሽ? ለዚህስ ጊዜ አይወስድብኝም።"

"የእርስዎ አይቆጠርም፣ ትናንት ሰድበውኛል።"

ኪብሳ አፏን ከፈተች። "አንተ... ሳሞ።"

"ይሄ ስድብ ነው? ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ።"

"አያትህ..."

"እህ፣ አያቴ ምን?"

 ድሮ ሳልፎ እንኳ ሲደክመው ስድቡን የምትቀጥለው እሷ ነበረች፤ ቶኤን በሳቅ አስለቅሳ የምትሸኘው እሷ ነበረች። አሁን ቃላቱን የት እንዳስቀመጠች ጠፍቷታል። ጀንበሯ ወደ አቧራው ውስጥ መውረድ ጀምራለች።

"ያን ቀን ምን እንዳልኩህ አልሰማሁም፣ ቶኤ" አለች። "ዛሬም አልሰማም። ምንም አይሰማኝም። ብስክሌቱን ስገዛ እንኳ አልተሰማኝም።"

ቶኤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሳልፎን ቤቴ ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ማታ፣ በሬን ዘግቼ። እናንተ ጋ ስመጣ ማልቀስ ሥራዬ አይደለም። ጌታዬ ስትይኝ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን የቀበርኩ መሰለኝ።"

"ሲሰማኝ መጥቼ እሰድብሃለሁ።"

"ሲሰማሽ?" ቶኤ ሳቀ። "እኔ ያን ቀን በር ላይ ተጋድሜ የቀለድኩት ተሰምቶኝ መሰለሽ?  ሰውየው ከኋላዬ ተገንዞ ተኝቷል፣ እኔ ግድግዳዬን ይለስንልኝ እላለሁ። ስሜቱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ያንን ያደርጋል?"

 ሽማግሌው "እኔ ልስደብልሽ ብያለሁ፣ እንዳይመሽብሽ" አሉ እንደገና።

"አይ፣ አባባ፣ ይተዉት" አለች።

ተነሣች። አግዳሚው ላይ ያለውን ድስት አየች። ጨርቁን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችና አንሥታ ይዛው ወደ ብስክሌቱ መጣች። ቶኤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባው መሪውን ለቀቀ። ቋጠሮውን የሰማያዊው አዲስ ኮርሳ መሪ ላይ አሠረችው። ድስቱ የፊቱን ጎማ እንዳይነካ አስተካከለችው።

"እራቴ ነው እኮ!" አለ ቶኤ።

"ጌታ ሳይበላ ሎሌ ሲበላ አይቼ አላውቅም" አለች ኪብሳ። ድምፏ ደረቅ ነበር፣ የክር ዋጋ እንደምትናገር። አልሳቀችም።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ። ቶኤ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ሌባ! ሞሲ ሁሉ ሌባ ነው! አባባ፣ ይመስክሩልኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የዘረፈችኝ!" ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጎማ ጨርቁ ዓይኑን እየጠረገ።

ኪብሳ ኮርቻው ላይ ወጣች። ድስቱ ጉልበቷን ነካት፤ ይሞቃል።

"ልጆቼ ምን ይበላሉ?" ብሎ ጮኸ ቶኤ ከኋላዋ።

"ፔዳል ይላሱ" አለች ሳትዞር። ትንሽ ነዳችና ቆመች፤ አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ዞረች።

"ድስቱን ሰኞ አመጣዋለሁ" አለች። "ባዶውን።"