ያልተረጎምኩት ዘፈን

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ አላውቅም። ሰው ነው ያወራብኝ። ሳንቃበር ላይ ዋልያ የሚቆጥር አንድ ፈረንጅ ነበር፤ አራት ዓመት ድንች ቀቀልኩለት፣ ድንኳን ተከልኩለት፣ በቅሎውን ሳብኩለት፤ በዚያው አፌ ትንሽ ተፍታታ። ውሃው ፈልቷል፣ ጭጋግ መጣ፣ በዚያ አትሂድ ገደል ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን በእጄ ነው የምናገረው። ደባርቅ ግን አንዴ ያወጣችልህን ስም መልሳ አትወስድም፤ ይግዛው እንግሊዝኛ ይችላል ተባለ፣ በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ፊልም የመጣ ቀን ወደ እኔ መጡ። ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በዓመቱ ነው፣ ኅዳር ላይ፣ በገበያ ቀን። ጓድ አበባየሁ የሚባል ካድሬ ጄኔሬተርና ማሳያ ጭኖ ከጎንደር ወጣ። ፊልሙ ስለ አንድ የጫካ ጀግና ነው፣ ለሰፊው ሕዝብ በነጻ ይታያል፣ አንተ ከሸራው አጠገብ ቆመህ ትተረጉማለህ አለኝ። በነጻ የሚለው ቃል ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። አላጠራጠረኝም። እንዲያውም ኮራሁ። ከሠርጌ ወዲህ ያልነካሁትን ሸሚዝ አውጥቼ ለበስኩ።

ይሄ ሳያንስ ክንዴን አስቀረሁት። ክንዴ ልጄ ነው፣ አንድ ለእናቱ፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ዘጠነኛ ክፍል። እናቱ ደብሪቱ በዚያ ቀን ዳባት ወንድሟ ዘንድ ለውቂያ ልትልከው ስንቅ ቋጥራለች። እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም፣ "ውቂያው ነገም አለ፤ ዛሬ አባትህ ሲተረጉም ታያለህ" ያልኩት። ደብሪቱ ስንቁን ፈታችው።

የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በጥቁር ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ብርሃን እንዳይገባ ነው። ሕዝቡ ማንም ሳያዘው እንደ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን፣ ፊት ያለው አግዳሚ ለሽማግሌና ለካህን። ካድሬው ይሄን አይቶ ሳቀብን። የቆሎ ተማሪዎቹ ለምዳቸውን እንደደረቡ ከኋላ መስኮቶቹ ሥር ግድግዳውን ተደግፈው ተኮለኮሉ። ክንዴና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ከሸራው ፊት መሬት ላይ ተዘረጉ፤ እግራቸው የእኔን እግር ሊነካ ምንም አልቀረው።

ፊት ካለው አግዳሚ ላይ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ነዋሪ ሁሉ ይገኝ ተብሎ ስለታዘዘ ነው የመጡት። የእኔም መምህር ነበሩ። ቅኔ ከእሳቸው ዘንድ ዋዜማ እስከሚባለው የቅኔ ዓይነት ድረስ ሄጄ ነው ያቋረጥኩት፤ ረሃቡ፣ ቁንጫው፣ በየደጁ የሚነክሰው ውሻ አንገፈገፈኝ። ክንዴ ሰባት ዓመት ሲሞላው "ስጠኝ፣ ጥሩ አእምሮ አለው" ብለው ጠየቁኝ። "የኔታ፣ ልጄ ቁራሽ አይለምንም። የዘመኑን ይማር" አልኳቸው። ነገሩ አላስቆጣቸውም። እኔ ግን በአደባባይ ያልኩት ነገር ስለሆነ፣ ባገኘኋቸው ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ፊልሙ ጀመረ። አገሩ የት እንደሆነ ማንም አላወቀ፤ እኔም አላወቅሁ። ዛፉ ማለቂያ የለውም፣ ሰማይ አይታይም፣ ወንዙ አዞ ብቻ ነው። በዚያ መሀል አንድ ነጭ ሰው፣ እንደ አህያ ጭነት ሰፊ ደረት ያለው፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ዝንጀሮ ሁሉ ይከተለዋል፣ ከእጁም ይበላል። ተዋንያኑ የሚያወሩት እንግሊዝኛ የፈረንጄን አይመስልም፣ ይጣደፋል። ከሦስት ቃል አንዱን ይዤ የቀረውን ከራሴ ጨመርኩ። "ገደል አለ፣ በዚያ አትሂጂ ይላታል" አልኩ። ለካ ሊያገባት ነው የሚለምናት።

"ለመሆኑ ማሳው ወዴት ነው?" አለ ከግጭ መንደር የመጣ አንድ ገበሬ ከወንዶቹ መሀል። ገበያ መጥቶ አህያውን ደጅ አስሮ ነው የገባው።

"ማሳ የለውም፤ ጫካ ነው የሚኖር" አልኩት።

"ታዲያማ ዝንጀሮ ቢወድ ምን ይገርማል። ገብስ ቢዘራ እናየው ነበር።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዓመቱን ሙሉ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገብሱ ሲያባርር የሚውል ሰው ለዚያ ጀግና ምን ልብ ይኖረዋል? ከዚያ ወዲያ ክፉ ሰዎች ዝንጀሮዎቹን በመረብ ሲይዙ ግጬዎቹ አጨበጨቡ። ክንዴ ግን በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው። በየመሀሉ ዘወር ብሎ ያየኛል፤ አባቱ ይሄን ሁሉ የሚያውቅ መስሎታል። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

የፊልሙ የመጀመሪያ ጥቅል አለቀና ሁለተኛው እስኪገጠም መብራት በራ። ሽንቴን ልሸና ወደ በሩ ስሄድ ክንዴም ሊከተለኝ ተነሣ። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ መለሰው፤ ከአስተርጓሚው በቀር የሚወጣ የለም አለ። ደጅ ስወጣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሟል። ወታደሮች ጥላው ሥር ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ። አሁንም አልገባኝም፤ እንዲህ ያለ ደነዝ ነኝ።

ያስረዳኝ ቢራራ ነው። የአክስቴ ልጅ ነው፣ እሱም አብዮት ጠባቂ፤ ምንሽር ጠመንጃውን ተደግፎ አጥሩ ሥር ቆሟል። ፊቱን አላዞረም።

"ጋሽ ይግዛው፣ ክንዴ ወደ ዳባት ሄዷል አይደል?"

"የለም፣ እዚሁ ነው፤ ውስጥ።"

ቢራራ መሬት መሬቱን አየ። "ምነው ልከውት በነበረ" አለ። "ፊልሙ ሲያልቅ ሴቱና ትልቅ ሰው ሁሉ ይወጣል። ወጣቱ ግን አይወጣም፤ ለውትድርና ነው።"

ሽንቴንም ረሳሁት። ተመልሼ ስገባ መብራቱ ጠፍቷል፣ ካድሬውም ከእኔ አጠገብ መጥቶ ቆሟል፤ ቀኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። "ጎበዝ፣ ሕዝቡ ወዶሃል፣ ቀጥል" አለኝ። ሽጉጡ ወገቤን ይነካኛል። ክንዴ ከእግሬ ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ በጆሮው ልናገር ብል ካድሬው እኩል ይሰማል።

ሁለተኛው ጥቅል ይሮጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጊዜ ሲሮጥብኝ አላየሁም። ምን እንደተረጎምኩ አላስታውስም፤ አዞ ሲመጣ አዞ፣ ውሃ ሲመጣ ውሃ እላለሁ። ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነው፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ፣ ከዚያ የልጄ ማጅራት ላይ። ከኋላ ያሉት መስኮቶች ወደ ሸለቆው ነው የሚከፈቱት። ከሥራቸው ቁልቁለት ነው፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ። ገደሉን አምነው በዚያ በኩል ወታደር አላቆሙም።

በዚህ መሀል የጫካው ሰዎች እሳት ከበው መዝፈን ጀመሩ። ቀስ ያለ፣ ረጅም ዘፈን ነው። ከሴቶቹ ወገን አንዷ "ምን እያሉ ነው?" ስትል ጠየቀች። ካድሬውም "አዎ፣ ምን ይላሉ?" አለ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "ይሄ የአገራቸው ቋንቋ ነው፤ እንዳለ ነው የምለው" አልኩና ዓይኔን ጨፍኜ በግእዝ ቋንቋ በዜማ ለቀቅሁት።

"ሐራ ሀለዉ ኀበ ኆኅት። ጕየዩ ደቂቅ እንተ ድኅሬክሙ።"

ወታደር በር ላይ ነው፤ ልጆች፣ በኋላችሁ ሽሹ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ዜማው ይሰበራል። ጓድ አበባየሁ ጭንቅላቱን በዘፈኑ ይነቀንቃል። "ኧረ ይሄስ ያምራል" አለኝ።

ከፊት አግዳሚ መሪጌታ ሲያስሉ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ወገባቸውን ያመማቸው መሰሉ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ኋላ ሄዱና መስኮቱ ሥር ቆሙ። ጋቢያቸውን ሊያስተካክሉ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አላጠፉትም፤ እንደተዘረጋ ቀረ። ከጋቢው ጀርባ ብርድ ልብሱ ገለጥ፣ ጥቂት ብርሃን ብልጭ፣ መልሶ ጨለማ። አንድ ለምድ ወጣ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዳዊት ደግመው ግእዝ የገባቸው የገበሬ ልጆችም ለጎረቤቶቻቸው በጆሮ እየነገሩ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያዙ። ካድሬው ሸራውን ነው የሚያየው፤ ጀግናው ከአዞ ጋር ትግል ይዟል።

ክንዴ አልተነቃነቀም። ምን ሰምቶ ይነቃነቅ? የማያውቀውን ቋንቋ እኔ አይደለሁም የከለከልኩት? ጎኑ ያለው ልጅ በእንፉቅቅ ሲሄድ ክንዴ ቦታ አገኘሁ ብሎ እግሩን ዘረጋ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ለአንድ ተማሪ አስይዘው ወደ ፊት ተመለሱ። ስለ ክንዴ ነው የመጡት፤ ሲያልፉ ዓይናችን ተገጣጥሟል። በመቋሚያቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉት። ልጄ ዘወር አለ፣ አያቸው፤ ቆመው መቅረታቸው አሳዘነው መሰለኝ። ፈጥኖ ተነሣና ቅጠልያ ኮቱን አውልቆ መሬቱ ላይ አነጠፈላቸው። "እዚህ ይቀመጡ የኔታ፣ ከዚህ በደንብ ይታያል" አለ። እንዲህ ነው ያሳደግሁት፤ ለትልቅ ሰው ቦታ እንዲለቅ። መሪጌታ እንደገና በመቋሚያቸው ወደ ኋላ ጠቆሙት። ካድሬው ዘወር ብሎ "ቁጭ በሉ አባቴ፣ ሕዝቡን ጋረዱት" አለ። ምን ያድርጉ? ኮቱ ላይ ተቀመጡ። ክንዴም አጠገባቸው ተቀመጠ።

ያን ጊዜ አማርኛ ነበረኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ክንዴ፣ ሩጥ። በዚያች ቃል እኔን ይገድሉኛል፣ እሱ ምናልባት ይደርሳል። አፌን ከፈትኩ። የካድሬው እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደ፤ ላይከብድም ይችላል፣ እኔ ነኝ የፈራሁ። "አዞው ሞተ" አልኩ። ያልኩት ይሄን ነው።

ፊልሙ አለቀ፣ መብራት በራ። ሴቶቹን አወጡ፣ ሽማግሌዎቹንና ጎልማሶቹን አወጡ። ከኋላ ወለሉ ባዶ ነው፤ አንድ ለምድና ሁለት የእንጨት ጫማ ቀርቷል። ካድሬው ፊቱ ቀላ፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ ወደ ሸለቆው አየ። ቀበሌውን ሰደበ፣ ጠባቂውን በጥፊ መታ። እኔን አልጠረጠረኝም። በዓይኑ ፊት ቆሜ ስተረጉም ነበራ። የቀሩት ወደ ሃያ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ የዘመኑን የተማሩ ልጆች።

መኪናው ላይ ሲጭኗቸው ከአጥሩ ተጠግቼ ቆምኩ። ደብሪቱ ሰምታ ከገበያው በኩል እየሮጠች ትመጣለች፤ ነጠላዋ ወድቋል። መሪጌታ ኮቱን ይዘው መጡና ወደ ላይ አቀበሉት። ክንዴ ለበሰው። አላለቀሰም፤ ገና ከፊልሙ ያልወጣ ይመስል ነበር። ሞተሩ ሲነሣ በሸራው ቀዳዳ አንገቱን አወጣና ፈለገኝ።

"አባባ፣ ያ ዘፈን ግን ምን ይላል?"

መሪጌታ አጠገቤ ናቸው፣ ደብሪቱ ደርሳለች። ሁለቱም አዩኝ።

"ስትመለስ እነግርሃለሁ" አልኩት።